ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እና የእኛ የንግድ ትምህርት

በየመገናኛ በዓላችን የምናደርገው የታወቀ ነው። የማዕረግ ተመራቂዎች ስማቸው ይጠራል፣ ሜዳሊያ ይጠለቅላቸዋል። የንግድ ሐሳብ ውድድር ያሸነፉ ተማሪዎች በትልቅ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቼክ ይዘው ፎቶ ይነሣሉ። መምህራኑ ያጨበጭባሉ፣ እኛም እናጨበጭባለን፣ ከዚያ ወደ ምሳ ነው። በዚህ ዓመታዊ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ቦታ ድሮ ላረፈ ታላቅ ሰው ይተዋል። ዘንድሮ ያ ቦታ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው።

ለምን እሳቸው? እኚህ ሰው የንግድ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። በዘመናቸው በአገራችን እንዲህ ያለ ትምህርት ቤትም አልነበረም። ነገር ግን ሀብት ከየት እንደሚመጣ፣ አንዱ አገር በንግድ ሲከብር ሌላው በዚያው ንግድ ለምን እንደሚደኸይ በአማርኛ አስበው በአማርኛ የጻፉ የመጀመሪያው ሰው ናቸው ቢባል ብዙ ተከራካሪ አይገኝም። ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ለመጣን አባላት ደግሞ ሌላም ምክንያት አለን። የጻፉት ነገር የገዛ ገበያችንን ታሪክ ያስረዳናል። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ሕይወታቸውን ከመነሻው እንየው።

የዓድዋው ልጅ

ገብረ ሕይወት የተወለዱት በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አካባቢ ነው። ከሰቆጣ ተነሥቶ በአበርገሌና በተምቤን ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ዓድዋ እንግዳ አገር አይደለም። ሁለቱን ገበያም ጦርነትም ሲያገናኛቸው ኖሯል። እሳቸው ከመወለዳቸው 15 ዓመት በፊት፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም.፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት የዋጉ ዋግሹም ጎበዜ ከትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ጋር ዓድዋ አጠገብ አሳም ላይ ገጥመው ድል ሆኑ። ካሳም ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ተብለው ነገሡ።

የገብረ ሕይወት አባት ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ። በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት የመተማ ጦርነት እሳቸውም እንደ ወደቁ ይነገራል። ልጃቸው ያኔ ሦስት ዓመት አልሞላውም።

ወዲያው ክፉ ቀን መጣ። በምጽዋ በኩል ከውጭ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ አቃተው። ትግራይ፣ ዋግ፣ ላስታ፣ ከዚያም አልፎ ደጋው በሙሉ ተራበ። ዋግ ውስጥ ያደገ ሰው ስለዚያ ዘመን ከአያቶቹ ሳይሰማ አይቀርም። መሬቱ እንዳለ ነው፣ ሰውም አለ፣ ግን መሣሪያው ሲጠፋ ሥራው ጠፋ፤ ሥራው ሲጠፋ እንጀራው ጠፋ። በኋላ ገብረ ሕይወት ሀብት ከሥራ ነው፣ ሥራን የሚያበረታው ደግሞ መሣሪያና ዕውቀት ነው ብለው ሲጽፉ፣ ሐሳቡን በአውሮፓ መጻሕፍት ብቻ ያገኙት አይመስለንም።

አባት የሌለው ልጅ ከዘመድ ጋር ወደ ባሕሩ በኩል ተሰደደ። ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ወደቡ ላይ የቆመ መርከብ ሊያይ ገባና ሳይወርድ ቀረ። መርከቡ ልጁን ይዞ ሄደ። ካፒቴኑ ለአንድ የኦስትሪያ ባለጸጋ ቤተሰብ ሰጠው፣ እነሱም እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ጀርመንኛ ተማረ፣ አድጎም በርሊን ገብቶ ሕክምና አጠና።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በዚያው ትውልድ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እሳቸውም በመቅደላ ጦርነት ማግስት ወላጅ አልባ ሆነው የተገኙ ሕፃን ነበሩ፤ እንግሊዞች ወደ ህንድ ወስደው አሳደጓቸው፣ ሐኪምም ሆኑ። ሁለቱም ታላላቅ ሰዎች ደጅ የከፈተላቸው የገዛ አገራቸው አልነበረም፣ ዕድል ነው። አንዱን የጦርነት ማግስት፣ ሌላውን የልጅ ጉጉት መንገድ ላይ ጣላቸው፤ የማያውቃቸው ሰውም አነሣቸው። ስንት የዓድዋና የሰቆጣ ልጅ ነው ያን መርከብ ሳያገኝ የቀረው?

ቤተ መንግሥትና ስደት

ገብረ ሕይወት ወደ አገራቸው ተመልሰው በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ሠሩ። ጊዜው ንጉሠ ነገሥቱ የታመሙበት፣ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ሥልጣን የሚፎካከሩበት፣ የውጭ መልእክተኞችም በየበኩላቸው የሚገፉበት ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው በዚያን ጊዜ በጥርጣሬ ነው የሚታየው። ሃይማኖቱ ይጠየቃል፣ ታማኝነቱ ይጠየቃል፣ አለባበሱ ሳይቀር ይጠየቃል። ገብረ ሕይወትም ከዚህ አላመለጡም። ከቤተ መንግሥቱ ጭቅጭቅ ተገፍተው አገር ጥለው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

ስደቱ ግን ዝም አላሰኛቸውም። የመጀመሪያ ሥራቸው «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ላይ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ታተመ። ትንሽ ጽሑፍ ናት፣ ግን ድፍረቷ ትልቅ ነው። የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለይ፣ ግብር በልክና በገንዘብ ይሁን፣ ሕግ ተጽፎ ይታወቅ፣ ትምህርት ቤት ይከፈት፣ አገሪቱ የራሷ ገንዘብ ይኑራት፣ ጉምሩክ ሥርዓት ይያዝ፣ የሃይማኖት ነጻነት ይከበር ትላለች። ጃፓን ነቅታ ራሷን እንዳዳነች ኢትዮጵያም ትንቃ የሚል ሐሳብ አላት። ምክሩ የተላከው ገና ሥልጣን ለያዙት ለልጅ ኢያሱ መንግሥት ነበር። ተገፍቶ የወጣ ሰው የገፋውን መንግሥት ሲመክር ቂም አልጨመረበትም።

ከዚያ ተመለሱ፤ በልጅ ኢያሱ ዘመን የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆነው ተሾሙ። በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

ነጋድራስ ማለት

ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ለዛሬ የቢዝነስ ተማሪ ሩቅ ነው። ነጋድራስ በጥንቱ የቅፍለት ነጋዴዎች አለቃ ነበር። ነጋዴው ወንበዴ ባለበት በረሃ ብቻውን አይሄድም፤ ተሰብስቦ፣ አለቃ መርጦ ነው የሚጓዘው። በኋላ ቃሉ የገበያና የጉምሩክ ሹም መጠሪያ ሆነ። ቀረጥ የሚሰበስብ፣ የነጋዴ ክርክር የሚዳኝ፣ ዕቃ የሚያስመዘግብ እሱ ነው።

ድሬዳዋ ደግሞ ተራ ቦታ አልነበረችም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶባት የተወለደች ከተማ ናት። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ገብረ ሕይወት ጉምሩክ ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው የሚያዩት ነገር ነበር፦ በባቡሩ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ይገባል፣ ቡናና ቆዳ ይወጣል። ሌላ ሹም ቢሆን ቀረጡን ቆጥሮ ደስ ይለው ነበር። እሳቸው ግን ከቀረጡ በስተጀርባ ያለውን ሒሳብ ቆጠሩት።

ያ ሒሳብ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በሚለው ዋና መጽሐፋቸው ውስጥ ነው ያለው። ፍሬ ሐሳቡን በራሳችን ምሳሌ እንየው። አንድ ሸማኔ ጋቢ ለመሥራት ቀናት ይፈጅበታል። ማሽን ያለው የውጭ ሠራተኛ ያንኑ የሚያህል ጨርቅ በጥቂት ሰዓት ያወጣል። ገበሬያችን ያን ጨርቅ ሊገዛ ወራት የለፋበትን ቡና ይሰጣል። ገበያ ላይ ሁለቱም እኩል የተለዋወጡ ይመስላቸዋል። በድካም ሲቆጠር ግን አንዱ ብዙ ቀን ሰጥቶ ጥቂት ሰዓት ነው የተቀበለው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ዕውቀት የሌለው ሕዝብ እየሠራ ይደኸያል፣ ዕውቀት ያለው እያረፈ ይከብራል። መድኃኒቱ ገበያውን መዝጋት ብቻ አይደለም። ሥራውን በዕውቀትና በመሣሪያ ማበርታት ነው፣ ለዚህም ትምህርት፣ ሰላምና ሥርዓት ያለው አስተዳደር ያስፈልጋል።

ይህን ሐሳብ የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን በሌላ ስም ያውቁታል። ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች በንግድ ለምን እንደሚጎዱ እ.ኤ.አ. በ1950 ጽፈው ዓለም ሲነጋገርበት፣ ድሬዳዋ ላይ የነበረው ነጋድራስ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፈልጎ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ለዚህ ነው ዛሬ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቻችን የዕድገት ምጣኔ ሀብት ቀዳሚ አሳቢ አድርገው የሚያነሷቸው።

የሰቆጣ ጨው

አሁን ወደ አገራችን ገበያ እንምጣ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የዋግሹሞች ከተማ ናት። ድሮ ስሟን ያስጠራው ጨው ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ ተፈልፍሎ የወጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ደጋውን ይወጣል፣ በትግራይ አቋርጦ ሰቆጣ ይገባል። ከዚያ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድር፣ ወደ ጎጃም፣ ወደ ወሎ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ1896 በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዋይልድ የሰቆጣን የጨው ገበያ በመጽሐፉ መዝግቦታል። አሞሌ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። ዶሮና እህል በአሞሌ ይገዛ ነበር። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ ነጋዴው የሚከብረውም በዚህ ነው።

በገብረ ሕይወት መነጽር ስናየው ግን አንድ ነገር ይታያል። ጨው አፋር ላይ ጨው ነው፣ ሰቆጣም ደርሶ ያው ጨው ነው። መንገድ ላይ የተጨመረበት ዕውቀት የለም። የተጨመረው የእግር ድካምና የቀረጥ ብዛት ነው። የሰቆጣ ሀብት ሰቆጣ ከምትሠራው ሳይሆን ከቆመችበት ቦታ የመጣ ነበር።

ታዲያ መንገዱ ሲለወጥ ምን ሆነ? የምኒልክ ብር እ.ኤ.አ. በ1894 ተቀረጸ። የአቢሲኒያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1905 ተቋቋመ። ባቡሩ መጣ፣ ከባሕር በኩል የሚገባ ጨውም ርካሽ ሆነ። አሞሌ ቀስ በቀስ ገንዘብነቱን አጣ። ቅፍለቱ እየሳሳ ሄደ፣ የሰቆጣ ገበያም የወረዳ ገበያ ሆነ። ጨዋታው ከቀረ በኋላ ከተማይቱ የያዘችው የእጅ ዕውቀት ጥቂት ነበር። ከብዙ ድርቅና ጦርነት በኋላ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ያወጣው ዕቅድ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን በሀብት ገበያዋ ትታወቅ የነበረች ከተማ በችግር ምሳሌነት ስትጠራ መስማት ለተወላጅ ቀላል አይደለም።

ያልታየ ሽልማት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. አረፉ። ዓመቱ የኅዳር በሽታ አገሩን የመታበት ያው ዓመት ነው። ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ሦስት ገደማ ነበር። ብዙዎቻችን በዚያ ዕድሜ ሁለተኛ ዲግሪያችንን እንኳ አልጨረስንም።

ዋናውን መጽሐፋቸውን ታትሞ አላዩትም። ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ወዳጆቻቸው አሳተሙት። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በአገራችን የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ እሳቸው ካረፉ ሩብ ምእተ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ የአገሪቱ ታላቅ የምጣኔ ሀብት አሳቢ በሕይወታቸው ሳሉ አንድም ተማሪ አላስተማሩም፣ አንድም ተማሪ መጽሐፋቸውን ይዞ ለጥያቄ አልመጣባቸውም። ሹመት አግኝተዋል፣ ሹመትና ስደትም ተፈራርቀውባቸዋል። የሚያስፈልጋቸው ግን ሐሳባቸውን የሚፈትን፣ የሚያርም፣ የሚያስፋፋ ቤት ነበር። እሱን አላገኙም።

እኛ ያን ቤት አግኝተናል። የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ አለን፣ መምህራን አሉን፣ በየዩኒቨርሲቲው የሥራ ፈጠራ ማዕከል ተከፍቷል። እንደ ብሩህ ኢትዮጵያ ያሉ የንግድ ሐሳብ ውድድሮች አሉ። ጥያቄው ቤቱን እንዴት እንጠቀምበት ነው፤ ይህ ሕይወት ለዚያ ሁለት ነገር ያስተምረናል ብለን እናምናለን።

አንደኛው የምንሸልመውን የምንመዝንበት ሚዛን ነው። የውድድር ዳኞች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ትርፉ ስንት ነው፣ ገበያው ምን ያህል ነው የሚለውን ነው። መጠየቅም አለበት። ነጋድራሱ ቢቀመጡ ኖሮ ግን ሌላ ጥያቄ ይጨምሩ ነበር ብለን እንገምታለን፦ ይህ ሥራ በቦታው ያለውን ሰው ድካም ያበረታል ወይስ ዕቃ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያሻግራል ብቻ? ከዋግ ኽምራ የሚመጣ ተማሪን እናስብ። የአበርገሌ ፍየል በዘር ዓይነቱ የታወቀ ነው፤ ከነነፍሱ ተሽጦ ይሄዳል፣ ቆዳው የሚለፋው፣ ሥጋው የሚዘጋጀው ሌላ ቦታ ነው። የዋግ ማር ከቀፎ ወጥቶ በጀሪካን ይሸጣል፣ ሌላ ሰው አጣርቶ፣ በማሰሮ አሽጎ፣ ስም ለጥፎበት በብዙ እጥፍ ይሸጠዋል። የተከዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጠረ፣ በቆላው ወረዳዎች ያሉ ወጣቶችም ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ። ቆላ ላይ የወጣ ዓሣ በረዶ ከሌለ ውሎ አያድርም፤ ስለዚህ ገበያው ለሚደርስበት ሰው እንጂ ለአጥማጁ አይደላም።

እነዚህን ሦስቱን ይዞ ማርን ላጣራ፣ ቆዳን ላልፋ፣ ዓሣን በፀሐይ ማቀዝቀዣ ላቆይ የሚል ተማሪ ቢመጣ፣ ትርፉ በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ዕቃ አምጥቶ የሚያከፋፍለው ጓደኛው በወረቀት ላይ ይበልጠው ይሆናል። በአሞሌው ሒሳብ ሁለተኛው ያሸንፋል። በነጋድራሱ ሒሳብ ግን ዋንጫው የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ከሽልማቱ በኋላ የሚመጣው ነው። ገብረ ሕይወት ሰው የሆኑት አንድ ካፒቴንና አንድ ቤተሰብ ለአንድ ቀን አጨብጭበውላቸው ስለሄዱ አይደለም። ዓመታት ስለያዟቸው ነው። የተማሪ ሥራ ፈጣሪም እንደዚሁ ነው። ቼኩን ከተቀበለ በኋላ ንግድ ፈቃድ ሊያወጣ ይሄዳል፣ መሥሪያ ቦታ ይፈልጋል፣ ባንክ መያዣ ይጠይቀዋል፣ መያዣ የለውም፣ ሚዛንና ማሸጊያ ከየት እንደሚገዛ አያውቅም። በዚያን ጊዜ አዳራሹ ባዶ ነው፣ ያጨበጨበው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለኮሌጁ መምህራን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ማኅበሩ የሚሰጠው የተማሪ ሥራ ፈጣሪ ሽልማት ለሁለት ይከፈል። ግማሹ በበዓሉ ቀን ይሰጥ። ቀሪው ግማሽ ከአሸናፊው ጋር አንድ ዓመት በሚሠራ አንድ ተመራቂና አንድ መምህር እጅ ይሁን፤ ተመራቂው ሒሳብ አያያዙን፣ የባንክ ቤቱን ደጅ፣ የገበያውን ሰው ያሳየው፤ መምህሩ ሥራውን በየሩብ ዓመቱ ይመርምር። ዓመቱ ሲሞላ አሸናፊው የሠራውን ይዞ ይምጣ፣ ሰቆጣም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ቀሪውንም ይቀበል። ከስሮም ቢሆን ይምጣ፤ እንዴት እንደከሰረ መማር ለሚቀጥለው ተማሪ ስንቅ ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ከውጭ መማሪያዎቻቸው ጎን እንዲያነቡ ኮሌጁ ቢያስብበት መልካም ነው። ቋንቋው ትንሽ የቆየ ነው፤ ጥያቄው ግን በዚህ ሳምንት ሰቆጣ ገበያ ላይ የሚጠየቅ ነው። ማሩን ያመረተው ሰው ስንት ቀን ለፋ፣ የወሰደው ሰው ስንት ሰዓት ሠራ፣ ከሁለቱ ማን ከበረ? ይህን መቁጠር የተማረ ተመራቂ በየወረዳው አንድ አንድ ቢኖረን፣ ነጋድራሱ በአጭር ዕድሜያቸው የጀመሩት ሥራ ቀጠለ ማለት እንችላለን።